የሰይድን ጀርባ ያቃጠለው

በአዋሽ ጣቢያ ክሊኒክ ሰይድ ጀርባው ሲቃጠል ጥፋቱ በሚስቱ ላይ ተጣለ። ተጽፎ እንዲቀር የምፈልገው በደል ይህ ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ያየሁትን ለመጻፍ ግን ይበቃል።

በደርግ ጊዜ ለጽዳት ተቀጠርኩ። በመጀመሪያው ቀን የክሊኒኩ ቁስል አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ ባልዲና መጥረጊያ ሰጥቶኝ፣ "በሽተኛ ሲያቃስት አትሩጪ፣ ዝም ሲል ሩጪ" አለኝ።

ቆይቶ ለሕክምና የሚሆን መብራት መጣ። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ቆዳው ላይ ምንም ሳይታይ ያሳክከዋል፤ እስኪደማ ያካል። ከአዲስ አበባ በባቡር የሚመላለሰው ዶክተር፣ "ይህ ብርሃን ማሳከኩን ያስታግሳል፤ ካልተጠነቀቃችሁ ግን ያቃጥላል፣ ዓይንም ይጎዳል" አለን። የእኔ ሥራ የበሽተኛውን ዓይን በጥቁር ጨርቅ መሸፈንና ድሬሰሩ "አጥፊ" ሲለኝ ማጥፋት ሆነ።

ሰይድ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር፣ የወሎ ሰው። ጀርባውን በበሩ መቃን ሲፍቅ ነው ያወቅሁት። መብራቱ ውሎ አድሮ ረዳው። "አልሐምዱሊላህ፣ እህት አልማዝ፣ ዛሬስ ተኝቼ አደርኩ" አለኝ።

ሚስቱ ዘሐራ ጣቢያው በር ላይ ሻይ ትሸጣለች። እንደ አገሯ ልማድ ጤና አዳም ወቅጣ፣ ጭማቂውን ጀርባው ላይ አሸችለት፤ መብራቱን ማገዟ ነበር። ክፍሉን ሽታው ሞላው። ድሬሰሩ፣ "ምነው ሰይድ፣ ቡና ልትጠጣ መጣህ እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ሁላችንም ሳቅን። መብራቱ በራ።

በማግስቱ ጀርባው ቀላ፤ ከዚያም ውሃ ቋጠረ። የቋጠረው በጣት መስመር ነበር፤ የዘሐራ ጣቶች በሄዱበት ሁሉ። ራሷ አየችው።

ዶክተሩ በሰው ፊት፣ "ባልሽን ያቃጠልሽው አንቺ ነሽ፤ ቅጠል ቀብተሽ!" አላት። የሰይድም የመብራት ሕክምና ተቋረጠ።

"ቅጠል አትቀቢ ያላት ማን ነው?" አልኩ።

"አንቺ ጽዳት ነሽ፤ ወለልሽን ጥረጊ" አለኝ ዶክተሩ።

ቁስሉ ሲደርቅ ማሳከኩ ተመለሰ። ቤታቸው ስሄድ ሰይድ፣ "ዘሐራ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ እከኪኝ" እያለ ይለምናል። እሷ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ነበር የምትነካው። "ይህ እጅ እሳት ነው" ትለኝ ነበር። እንዲሁ እንዳከከ ኩላሊቱ ገደለው። ዘሐራ ከቀብር በኋላም ለሰላምታ እጇን ከነጠላዋ አላወጣችም።

ዶክተሩ ከባቡር በወረደ ቁጥር በሩ ላይ ቆሜ ያንኑ፣ "አትቀቢ ያላት ማን ነው?" ብዬ ጠየቅሁት። ድሬሰሩ፣ "ጓድ ጽዳት ዛሬም ስብሰባ ጠራች" እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ከሥራ እንደሚያባርሩኝ ነገሩኝ። "አባሩኝ፤ መልሱን ግን ለእሷ ንገሯት" አልኩ።

አሁን የልጅ ልጄ ሰመራ ከተማ ነርስ ናት። በሽተኛ መብራት ሥር ከመተኛቱ በፊት ምን እንደተቀባና ምን እንደወሰደ ይጠየቃል እላታለሁ። ሌላ የማስተምራት የለኝም።

ያኔ ታዲያ ዶክተሩ አንድ ቀን ጥያቄዬ ሰልችቶት ይሁን ከንክኖት አላውቅም፣ ተከትሎኝ ወደ ጣቢያው በር ወጣ። ዘሐራ ብርጭቆ ታጥባለች። ቀና አላለችም። ቆሞ እንዲህ አላት፦

"ጤና አዳሙ ብቻውን እንዲያ አያቃጥልም ነበር። እላዩ ላይ ብርሃኑን ያበራነው እኛ ነን። ምን እንደተቀባ መጠየቅ የእኛ ሥራ ነበር። ሸቶን፣ ሳንጠይቅ ቀረን።"