ሀያት በብሬል የያዘችብኝ ማስታወሻ

ኅዳር ላይ ነው። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት... አንድ ባለሱቅ በጣቱ እያነበበ ጉድ ሠራኝ።

ቃሊቲ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አንዷ ሀያት ማየት የተሳናት ናት። ፊት ወንበር ትቀመጥና እኔ ሳስተምር ወፍራም ወረቀቷን በብሬል መጻፊያዋ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። «ማስታወሻ እንደ ሀያት ያዙ!» እያልኩ ሌሎቹን ስቆጣ ነው የከረምኩት።

ግን ፈተና ላይ ትወድቃለች። አንዴ ብቻ አይደለም፣ ሁለቴ። በሌላው ትምህርት እኮ ከክፍሉ አንደኛ ናት!

እኔም ደመደምኩ። ሒሳብ ይቅርባት ብዬ ለርእሰ መምህሩ ላመለክት ስል፣ የልዩ ፍላጎት መምህርታችን ትዕግስት «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ አባቷን እንጥራና አብረን እንነጋገር» አለችኝ።

አባቷ ጋሽ ሸምሱ ገላን ኮንዶሚኒየም ሱቅ አላቸው። ዘግተው መጡ። አራታችን ቢሮ ውስጥ ተቀመጥን፤ እኔ፣ ትዕግስት፣ እሳቸውና ሀያት።

«ልጅዎ ጎበዝ ናት» ብዬ ጀመርኩ። «ግን ሒሳብ ሰሌዳ ላይ ስለሆነ... ከአቅሟ በላይ ነው። ማስታወሻማ አሳምራ ትይዛለች፣ ይኸው!» ብዬ ወረቀቶቿን ሰጠኋቸው።

ጋሽ ሸምሱ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጣታቸውን አሳረፉበት። ደነገጥኩ። ለካ ልጃቸውን የቤት ሥራ ለማገዝ ብለው፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከትዕግስት ብሬል ሲማሩ ኖረዋል። የነገረኝ የለም።

«አባዬ፣ እሱን ተወው!» አለች ሀያት።

እሳቸው ግን ጀምረዋል። ቀስ ብለው፣ ፊደል በፊደል...

«ቲ...ቸር... ዛሬም... ይሄን... ወደዚህ... እናመጣና... ያ... ይሄ ይሆናል... አለ። ምኑ ምን እንደሆነ... አላህ ይወቀው።»

ትዕግስት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ጋሽ ሸምሱ ቀጠሉ። «ሰኞ... ይሄ... ሠላሳ አንድ። ያ... አሥራ ዘጠኝ። ይሄ ደግሞ ምንድነው ሀያት?»

«ቲቸር ይሄ እና ያ ያለውን ስቆጥር ነው» አለች፣ ድምጿ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

ያ ሁሉ ጠቅ ጠቅ... እኔን ስትቆጥር ነው! ሰሌዳው ላይ በጣቴ እየጠቆምኩ «ይሄ ሲደመር ይሄ» ስል፣ እሷ ምን ትያዝ?

ጋሽ ሸምሱ ወረቀቱን አጠፉና አዩኝ። «መምህር፣ ለድፍረቷ ይቅርታ ያድርጉላት። ግን የሳምንቱን ደምራዋለች። በልቤ ደገምኩት፣ አንድ አልሳተችም። ይቺን ልጅ ነው ሒሳብ አትችልም የሚሉኝ?»

ያዘጋጀሁትን ማመልከቻ ኪሴ ውስጥ ጨመደድኩት።

ያን ዕለት ሥራ ተከፋፈልን። እኔ የምጽፈውን ሁሉ ጮክ ብዬ ላነብ፣ የነገውን ምሳሌ ዛሬ ለትዕግስት ልሰጥ፣ ትዕግስት በብሬል ልትገለብጠው፤ ጋሽ ሸምሱ ደግሞ ሱቃቸው ውስጥ ስፓጌቲ እየሰበሩ የሦስት ማዕዘን ቅርጽ በእጇ ሊያስነኳት። የመጀመሪያው ሳምንት ምላሴ አልታዘዝ ብሎኝ ፍዳዬን በላሁ። «ይሄ» ልል እልና እውጠዋለሁ። የሚገርመው ኋላ ወንበር የሚያንቀላፉት ሳይቀሩ «ቲቸር፣ አሁን ገባን እኮ» ማለት ጀመሩ።

ሀያት በቀጣዩ ፈተና አለፈች። ያውም የክፍሉን ከግማሽ በላይ በልጣ።

ግን አሁንም ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። በቀደም አላስችል አለኝና «ዛሬስ ምን ጻፍሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። «አንብበዋ፣ ቲቸር።»

ይኸው ብሬል ጀምሬያለሁ... የፊታችን ቅዳሜ ፈተና አለብኝ፣ አራሚዋ ሀያት ናት። ጸልዩልኝ።