ጉበት አብሮ የበላ ሰው

አባቴ አቴንስ ድረስ ሄዶ የተማረው የወንጌል ግሪክኛ ለቤታችን አንድ ቁና ጤፍ አላመጣም። እኔና ታላቅ ወንድሜ ግን ወደድንም ጠላንም ግሶቹን እንሰማ ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው «ስፕላንኽኒዞሜ» የሚለውን ነው። የአማርኛው ወንጌል «አዘነ» ብሎ ስለሚያልፈው ይናደዳል።

«ስፕላንኽና ማለት ሆድ ዕቃ ነው» ይለናል፤ «ልብ፣ ጉበት፣ ሳንባ፣ ኩላሊት። የጥንት ግሪኮች መሥዋዕት ሲያርዱ መጀመሪያ እሱን ጠብሰው አብረው ይበሉ ነበር። ግሱ የተወለደው እርድ ቦታ ነው። ወንጌል ላይ ሲደርስ የሰው መከራ አይቶ ሆድ ዕቃ መገላበጥ ማለት ሆነ።»

ሰፈራችን አቃቂም ከዚያ ብዙ አትርቅም። የፋሲካ ቅርጫ ሲታረድ፣ ሥጋው ከመመደቡ በፊት ትኩሱ ጉበት በአንድ ቢላ እየተቆረጠ እዚያው ይበላል።

ቀይ ሽብር በተፋፋመበት ዓመት ወንድሜን ቀበሌ አሰሩት። የወሰደው ጎረቤታችን ነው፤ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ የነበረ፣ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ። እስር ቤቱ ከአጥራችን ጀርባ ነበር። እጅና እግሩን አስረው በዘንግ ላይ ወፌ ላላ ገልብጠው ውስጥ እግሩን ሲገርፉት ጩኸቱን ከሌሎቹ ጩኸት እለየው ነበር። እናቴ ጆሮዋን በነጠላ ጠቅልላ ትቀመጣለች።

ፋሲካ ደረሰ። በሬውን የሚያርደው እንደ ሁልጊዜው ያው ጎረቤታችን ነው። እርድ ቦታ ዝር ብሎ የማያውቀው አባቴ ያን ቀን ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ሰውዬው ደም በነከረው እጁ ጉበት ቆርጦ ሰጠው፣ አባቴም ጎረሰ።

«አንድ ጉበት በላን እንግዲህ» አለው። «ልጄን ልቀቅልኝ።»

«የኔታ፣ አንጀቴን በሉት» አለ ሰውዬው አፉን እየጠረገ። «ነገ ይወጣል።»

አባቴ እየሮጠ ነው ቤት የገባው። የተማረው ሁሉ እውነት ሆኖለት ነበር። ጉበት አብሮ የበላ ሰው አይጨክንም ብሎ ከልቡ አመነ። እናቴ የወንድሜን ሸሚዝ አጥባ አሰጣች።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቃሊቲ በሚወስደው አስፋልት ዳር ተጥሎ አገኘነው። ጥይቱ በጀርባው ገብቶ ሆዱን ቀዶት ወጥቷል። አባቴ ተንበርክኮ የልጁን ሆድ ዕቃ በእጁ እየሰበሰበ ሊመልስ ሲሞክር ሬሳውን የሚጠብቁት አብዮት ጠባቂዎች በሰደፍ ጀርባውን መቱት። ማልቀስ ክልክል ነበር፣ አላለቀስንም። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ግሪክኛ አልተሰማም።

ደርግ የወደቀ ሰሞን የሰፈሩ ወጣቶች ያንን ሰው ባቡር ሐዲዱ ላይ ያዙት። በድንጋይ ይወግሩት ጀመር። ጭንቅላቱ ተፈንክቶ በጠጠሩ ላይ ሲድህ አየሁት፤ ደስ አለኝ፣ «በሉት!» ብዬ ጮህኩ። አባቴ ከኋላዬ በከዘራው እያዘገመ መጣ። እሱም ደስ እንዲለው ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ከዘራውን ጥሎ ሰውዬው ላይ ተደፋበት። ለሰውዬው የተወረወረ ድንጋይ ትከሻውን መታው፤ ያኔ ሁሉም እጁን ሰበሰበ።

«አባባ፣ ልጅህን የገደለ እኮ ነው!» ብዬ ጎተትኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «እንዲሞት እየተመኘሁ ነው የመጣሁት። ሳየው ግን ሆዴ እምቢ አለኝ።»

ከዚያ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ለወንድሜ ሳይወርድ የቀረው እንባ በገዳዩ ፊት ላይ ይወርድ ነበር። ያንን ግስ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።