ግማሽ ግንድ

በመቐለ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ቤት ተከራይቼ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር፣ በሞተ እንጨት ውስጥ የሚኖሩ ጢንዚዛዎችን አጠና ነበር። ጓደኞቼ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» እያሉ ያሾፉብኛል፤ በመቐለ ዙሪያ ደን ተርፎ የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ብቻ ነዋ። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ በያዝኩት ነገር ቀልድ አላውቅም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር ነፋስ ትልቅ ጥድ ጥሎ፣ በዛፎቹ መሃል ሰማይ የሚያሳይ ክፍተት ተከፍቷል። የወደቀውን ግንድ በመጋዝ ከፋፍዬ ከፊሉን ፀሐይ በሚመታው ክፍተት፣ ከፊሉን ከዛፎቹ ጥላ ስር አጋደምኩ። አንዱ ጢንዚዛ ሙቀትና ደረቅ ይወዳል፣ ሌላው እርጥበትና ጨለማ። ማን የት እንደሚራባ ለማየት ክረምትና በጋ ጠበቅሁ። በደብሩ ልማድ የቆመ ዛፍ አይነካም፤ የወደቀ ግን የንግሥ ድግስ ማገዶ ነው። የቀድሞው አስተዳዳሪ ግንዶቼን ላያስነኩብኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር፤ ግን ተዛወሩ።

በንግሡ ዋዜማ ጠዋት ከሮማናት አደባባይ ታክሲ ይዤ ስደርስ፣ ገና ከበሩ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ።  ሮጥኩ። ሁለት ጎልማሶች ከክፍተቱ ደረቅ ግንዶች አንዱን ፈልጠውታል። በሚቀጥለው ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩበት።

አዲሱ አስተዳዳሪ፣ ሽማግሌ ቄስ፣ ተጠርተው መጡ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ተነሺ እንጂ። የእመቤታችን ድግስ ነው፤ ሕዝቡ ምን ይብላ?»

«አባ፣ ይሄ ከነደደ የዓመት ድካሜ ነደደ። አልነሳም!»

ወደ ጎልማሶቹ ዞሩ። «በቃ፣ ይሄን ተዉላት። ከጥላው ስር ያለውን አምጡ።»

ጎልማሶቹ ወደዚያ ሲያቀኑ ጮህኩ። «እሱም የኔ ነው! የማወዳድረው እኮ ሁለቱን ነው፤ አንዱ ያለ አንዱ ዋጋ የለውም!»

«ዋይ ጓለይ! ፀሐዩም ያንቺ፣ ጥላውም ያንቺ። ለእመቤታችን ምን ተረፋት?»

አፈርኩ፤ ግን አልተነሳሁም። ጎላዎቹ ተጥደዋል፣ ድግሱን የሚያበስሉት ሴቶች «ማገዶ! ማገዶ!» ይላሉ። ቄሱ መጥረቢያውን ተቀብለው አጠገቤ ቆሙ።

«የፀሐዩንም የጥላውንም፣ እያንዳንዱን ከወገቡ እንቆርጣለን። ግማሹ ለእመቤታችን፣ ግማሹ ለጢንዚዛሽ።»

ተነሳሁ። ግንዱ እንዳይንከባለል ጫፉን ያዝኩላቸው። ሲመቱት ልጡ ተነሳና አንድ ነጭ እጭ መሬት ላይ ወደቀ። አንስቼ በእኔ ግማሽ ስንጥቅ ውስጥ ከተትኩት። በወዲያኛው ግማሽ ውስጥ የቀሩትን እጮች ሴቶቹ ከነእንጨቱ ተሸክመዋቸው ወደ እሳቱ ሄዱ።