ዘጠኝ ቀን የተራመደ አጥንት

«ነይ በመስኮት በኩል ነፋስ ያመጣሻል፣
በሩን የዘጋው ሰው ሲነቃ ያጣሻል…»

ከዚህ ቀጥላ ያለችው ስንኝ ጠፍታባታለች። እዚያች ጋ ስትደርስ ከንፈሯን ገጥማ እም… እም… ትልና አራተኛዋን ታነሳለች፤

«እኔ እንደ ቆምኩ አለሁ፣ አንቺ ዞረሽ ግቢ።»

ዘፈኗ የባሏ ናት። ባሏ ቀለም ቀቢ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሰላል ላይ ወጥቶ የሰው ግድግዳ ሲቀባ ይህችኑ ሲያንጎራጉር ኖሯል። ከመሰላል ከወደቀ ወዲህ ግን ድምፁ ከቤቱ ጠፋ። እሱ ሲተዋት እሷ አነሳቻት፤ መንገድ ላይ ወድቆ እንዳገኙት ልብስ፣ አቧራዋን እያራገፈች፣ አንድ አዝራሯ እንደጎደለ።

ተማሪዎች «እትዬ ቁልፍ» ይሏታል። ወገቧ ላይ የታሰረው የቁልፍ ዘለላ ድምፁ ከእሷ ቀድሞ ስለሚደርስ ነው። የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ናት፤ ሥራ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ። ብርጭቆውን የምታጥበው፣ ማይክሮስኮፑን በጨርቅ የምትወለውለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጋሽ ዝምታን የምትንከባከበው እሷ ናት።

ጋሽ ዝምታ አጽም ነው። ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ሙሉ የሰው ቁመት ያለው፣ አናቱ ላይ በገባ ብሎን ከብረት ምሰሶ የተንጠለጠለ። ከምሰሶው ሥር አራት ጎማ አለ፤ አንደኛዋ ሲገፏት ታቃስታለች። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ይመጣል፣ ስሙ ግን እንዳለ ይወረሳል። ልጆቹ እየጨበጡ ሰላም ሲሉት፣ ክንዱን ትከሻቸው ላይ ጣል እያደረጉ ሲያሾፉ፣ አንድ ነገሩ መውለቁ አይቀርም። ያን ጊዜ እሷ ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛ ላይ አጋድማ በቀጭን ሽቦ ትገጣጥመዋለች።

ስለዚህ ከራሷ ገላ ይልቅ እሱን ታውቀዋለች። ሁለት መቶ ስድስት አጥንት፤ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እጆቹና እግሮቹ ጫፍ ላይ ተጠራቅሞ። አንድ እጅ ሃያ ሰባት፣ አንድ እግር ከቁርጭምጭሚት ወደ ታች ሃያ ስድስት። ልብና ሳንባን አቅፈው የሚውሉ አሥራ ሁለት ጥንድ የጎድን አጥንቶች። በአከርካሪው አጥንቶች መሃል የተነጠፉ ለስላሳ ክቦች፤ እነሱ ባይኖሩ እያንዳንዱ እርምጃ እስከ ራስ ቅል ድረስ ይንጠን ነበር። ከሁሉ ረጅሙ የጭን አጥንት ነው። እሱ አናቱ ላይ አንዲት ኳስ አለችው፤ ኳሷ የዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ ገብታ ትዞራለች። ሰው የሚቆመውም፣ የሚቀመጠውም፣ መሰላል የሚወጣውም በእሷ ነው። የጋሽ ዝምታ ኳስ የተያዘችው በሽቦ መንጠቆ ነው። ብትወልቅ መንጠቆውን ጠምዘዝ፣ ቀለበቱ ውስጥ ከተት፣ አለቀ።

«የእኛም እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት?» አለችው ያን ቀን ጠዋት፣ የወለቀ ቀኝ እግሩን መልሳ እየሰቀለች። ጋሽ ዝምታ ጥርሱን እንዳሳየ ዝም አላት።

ከሰዓት ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራት። የባሏ ዳሌ ከትናንት በስቲያ ራጅ ተነስቷል፤ እሱ በክራንች ያንን ሁሉ ደረጃ ሁለተኛ ከሚወጣ ብለው ውጤቱን እሷ ልትሰማ ነው። የምትሰማው አንድ ነገር ነው፤ የባሏ የጭን አጥንት ኳስ በሕይወት አለች ወይስ ሞታለች?

እና ከቀኑ ሁሉ መርጦ፣ የአጥንት ትምህርት በዚያ ቀን ዋለ።

የባዮሎጂው መምህር ገባ። ደግ ሰው ነው፤ ያንኑ ትምህርት በየዓመቱ በዚያው ቃል፣ በዚያው ሳል ያስተምረዋል። እሷም በየዓመቱ ቁም ሳጥኑ ጋ ቆማ ትሰማዋለች።

«አጥንት ድንጋይ ነው የሚል ማን አለ?»

«እኔ!» አለች ከኋላ አንዲት ለፍላፊ። «የወንድሜ ጭንቅላት ምስክሬ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«የወንድምሽም ቢሆን ሕይወት አለው» አለ መምህሩ። «አጥንት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ አለ። አንዱ ወገን አሮጌውን ሲያፈርስ ይውላል፣ ሌላው በፈረሰው ቦታ አዲስ ሲገነባ። ዛሬ የቆማችሁበት አጥንት የዛሬ አሥር ዓመት የቆማችሁበት አይደለም። እነዚህ ሠራተኞች ቀለባቸው ደም ነው። ደግሞ ደሙ ራሱ የሚመረተው እዚያው አጥንቱ ውስጥ፣ መቅኔው ውስጥ ነው።» ሳል። «አሁን ጻፉ። አጥንት ሲሠሩበት ይጠነክራል፤ ሲያስተኙት ይሳሳል። አልጋ ለአጥንት ጠላቱ ነው።»

ሠላሳ ስምንት እስክሪብቶ ተንጫረረ። ወገቧ ላይ ያለው የቁልፍ ዘለላ ሳትራመድ ተንቃጨለ።

«እትዬ፣ ምነው? ደህና አይደለሽም?» አለ መምህሩ።

«ደህና ነኝ። ጎማዋ ናት።»

ጎማዋ አልነበረችም። ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት።

ባሏ ከሰባት ወር በፊት የወደቀው ከሁለተኛዋ የመሰላል ደረጃ ነበር። ሦስት ፎቅ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው፣ ከሁለተኛዋ! የወደቀ ለት ራሱም ስቆ ነበር፤ «ለሰው እንዳትነግሪ፣ ከጣሪያ ነው በያቸው» ብሏት። ተነስቶ በእግሩ ቤቱ ገባ። ብሽሽቱ ላይ አመመው እንጂ ያበጠ ነገር የለም፣ የጎበጠ ነገር የለም። ሊተኛ ፈለገ። እሷ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ቁም ሳጥን ጋ ቆማ የሰማችውን ታውቃለች።

«ተነስ አንተ ሰው! አጥንት ሲተኛ ይሳሳል።»

«እረ ያመኛል፣ ሴትዮ።»

«የሚያምህማ ስላሰነፍከው ነው። ና፣ እስከ ማዕዘኑ።»

እናም በየጠዋቱ ክንዱን ክንዷ ውስጥ አስገብታ እስከ ማዕዘኑ ወስዳ መለሰችው። ጥርሱን ነክሶ ይሄዳል፤ ጎረቤቱ «ሙሽሮቹ ወጡ!» እያለ ያሾፍባቸዋል። ዘጠኝ ቀን። በዘጠነኛው ቀን፣ ማዕዘኑ ላይ ካለው መድኃኒት ቤት ደፍ፣ እግሩ ከዳው። ድምፅ አልሰማችም። ዝም ብሎ ክንዷ ላይ ከበደ፣ ከበደ፣ መሬት ሆነ።

ሐኪም ቤት በሦስት ብሎን አያያዙት። ያን ዕለት ዶክተሯ ኮሪደር ላይ፣ ከተኛበት ክፍል ደጃፍ፣ ራጁን ይዛ ጠየቀቻት፤ «የጭኑ አጥንት ከኳሷ ሥር፣ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ ነበር፣ እናቴ፤ ግን ተጣብቆ ቆይቷል። አርፎ ቢተኛ ኖሮ እንደተጣበቀ ልናስረው እንችል ነበር። አሁን ተንሸራቶ፣ ኳሷን የሚቀልቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮች በጥሷቸዋል። ማነው ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያስኬደው?»

ወለሉን አየች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰባት ወር፣ ምግብ አቅርባለት፣ አብልታው፣ ሳህኑን አንስታ፣ የራሷን ጉርሻ ሳህን ማጠቢያው አጠገብ ቆማ ትውጣለች። «ነይ ቁጭ በይ» ሲላት «መጣሁ መጣሁ» ትላለች። አትመጣም።

ከትምህርቱ በኋላ፣ ከሰዓት፣ ሐኪም ቤት ስትደርስ ዶክተሯ ራጁን መብራቱ ላይ ለጥፋ ጠበቀቻት። እትዬ ቁልፍ ገና ከበሩ አወቀችው። ጎድጓዳው ያው ነው፣ ብሎኖቹ ያው ናቸው። ኳሷ ግን ከዙሪያዋ ካለው ሁሉ ነጥታ፣ አናቷ ላይ እንደተቀመጡበት ትራስ ተጠፍጥፋ ነበር።

«ነጭ መሆኗ… ጥሩ አይደለም?» አለች፣ እያወቀች።

«አይደለም እናቴ። ደም አላገኘችም። የሚያፈርሰውም የሚገነባውም ሠራተኛ ሞቷል። ሸክሙ ሲያርፍባት መደርመስ ጀምራለች።»

«እና ምን ይደረግ?»

«ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ አለ። እኛ ጋ አይሠራም። ለሚሠሩበት ወረቀት እጽፋለሁ፤ ተራው ግን ረጅም ነው። ዓመትም፣ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። እስከዚያ ከክራንቹ አይለይ።»

«መሰላልስ?»

ዶክተሯ አንገቷን ዝቅ አደረገች። «መሰላልማ የለም። ተራው ቢደርስም የለም።»

ራጁን በትልቅ ፖስታ ሰጠቻት። በብብቷ ይዛው ወጣች። ይዘዋት የሚሄዱት እግሮቿ ጤነኞች ነበሩ፤ ሁለቱ ኳሶቿ ጎድጓዳቸው ውስጥ፣ ሳይጠየቁ፣ ሳይመሰገኑ ይዞራሉ። አፈረችባቸው። ዘፈኗን ልታነሳ ሞከረች፤ «ነይ በመስኮት…» ከዚያ ወዲያ ሁለተኛዋም ስንኝ ጠፋች።

ቤት ስትገባ ባሏ መስኮቱ ሥር፣ ክራንቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ጥፍሮቹ ንጹሕ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጋዝ ስታስለቅቅ የኖረችው ቀለም ከጥፍሩ ሥር ጠፍቷል፤ ከሁሉ የሚያስለቅሳት ይኸው ነው።

«እህ፣ ምን አለች ልጅቷ?»

ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ምድጃ ለኩሳ ሾርባውን ጣደች። ዳቦ ቆረሰች። ሳህን አቀረበችለት። እሱ ማንኪያውን አላነሳም።

«አንቺ! ሰው እየጠየቀሽ?»

«ሞታለች።»

«ማን?»

«ኳሷ።»

«መሰላልም የለም?» አለ።

«የለም።» ከዚያ ሰባት ወር የደበቀችው ወጣ። «እኔ ነኝ። ልተኛ ስትለኝ ያስነሳሁህ እኔ፣ ያስኬድኩህ እኔ። ተጣብቆ ነበር። ብትተኛ ኖሮ…»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ዶክተሯ ስትጠይቅሽ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እግሬ ነው የተሰበረው፣ ጆሮዬ አይደለም።»

«ከዚያ ጀምሮ ታውቃለህ? ለምን ዝም አልከኝ?»

«ተናድጄ። ሁለት ወር ሙሉ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የተኛሁት ለምን መሰለሽ?»

«ኋላስ?»

«ኋላማ ግድግዳው አስጠላኝ። የቀባሁት እኔ ነኝ፤ እንዴት ያለ ዝርክርክ ሥራ ነው! የሰው ቤት እንደ መስታወት እያበራሁ፣ የራሴን…» ልትስቅ ነበር፤ ሳቋ ግን አልወጣም። እሱም አልሳቀም። «ተናድጄም ዳሌዬ ያው ነው። ይቅር ብዬሽም ያው ነው። ምን ላድርግ ታዲያ?»

ከደጅ የልጆች ጫማ ድምፅ እየሮጠ አለፈ።

«ሦስተኛዋን ስንኝ ንገረኝ» አለች ድንገት። «የዘፈንህን። እዚያች ጋ ስደርስ ትጠፋብኛለች።»

አያት። «እኔም አላውቃትም።»

«ሂድ!»

«እውነቴን ነው። እዚያች ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ማፏጨት ነበር። ሠላሳ ዓመት ሳትሰሚ?»

ሰምታ ነበር። ፉጨቱን ዘፈን ብላ፣ ቃል አለው ብላ ኖራለች።

«በይ አሁን ቁጭ በይ» አለ፣ በክራንቹ ጫፍ ወንበሩን ከጠረጴዛው ሥር እየገፋላት። «ሰባት ወር እንደዚያ እንደ ጋሽ ዝምታሽ ተንጠልጥለሽ በላሽ። እሱስ ብሎን ይዞት ነው። አንቺን ምን ይዞሽ ነው?»

የቁልፉን ዘለላ ፈታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከፖስታው አጠገብ አኖረች። ጉልበቶቿ ታጠፉ፤ ኳሶቿ ዞሩ፤ የአካላቷ ክብደት ሁሉ ወርዶ ወርዶ ዳሌዋ ሥር ባሉት ሁለት የአጥንት ጉብታዎች ላይ አረፈ። ወንበሩ አቃሰተ። እሱ ሳህኑን ወደ መሃል ገፋና ማንኪያውን ሰጣት። ዳቦዋን ቆረሰች፣ ሾርባው ውስጥ ነከረች። እንባዋ እየወረደ መንጋጋዋ ተንቀሳቀሰ።