ሂት ፓምፑና የእህቴ ምድጃ

እናቴ የዘንድሮን ብርድ የምታሳልፈው ታናሽ እህቴ ቤት እንደሆነ ስትነግረኝ በቅናት ተንጨረጨርኩ። ምን ፍለጋ ነው እቴ? የኔ ቤት ዳንፎርዝ የሚባለው ዋና ጎዳና አጠገብ ነው፤ ባቡሩ ደጃፌ ላይ ነው። ሂት ፓምፕ የሚሉትን በመብራት የሚሠራ ማሞቂያ አስገብቼበታለሁ፤ ከሳሎን እስከ መታጠቢያ ቤት እኩል ይሞቃል። እህቴ ያላት ምድጃ ነው፤ ያውም ፔሌት የሚባለውን፣ ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ፍሬ ካልቀለቡት የሚያኮርፍ። ሳሎኗ ይሞቃል፤ መኝታ ቤቷ ግን ያለ ካልሲ አይገባም።

ስለዚህ በወጪ ላሸንፋት ቆረጥኩ። እሑድ ከቸርች በኋላ ምሳ ስትጋብዘኝ የመብራት ቢሌን ይዤ ሄድኩና ከፔሌት ደረሰኟ ጋር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ደህና በሚባለው ቀን የኔ ይረክሳል። ብርዱ ሲከር ፓምፑም መብራት ይግጣል፤ ያን ጊዜ እኩል ነን። ከረጢት መሸከሙና አመድ መጥረጉ ሲጨመርበት ግን ማን እንዳሸነፈ ግልጽ ነው።

«ኦኬ፣ ያንቺ ይረክሳል» አለች እህቴ። «አሁን ካልኩሌት ማድረጉን ተይውና ብዪ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ።»

አለመከራከሯ ይበልጥ አናደደኝ። ይኼኔ እናቴ ጉልበቷን ይዛ ተነሣችና ከከረጢቱ በጣሳ ዝቃ ምድጃው ላይ መጨመር ጀመረች።

«እማዬ፣ ተቀመጪ! እኔ እጨምራለሁ» ብዬ ዘለልኩ።

«ተይኝ፣ ሥራዬ ነው።»

እህቴ ንቅንቅ አላለችም፤ መጉረሷን ቀጠለች። እኔ ቤት እናቴ ብርጭቆ አታነሣም። ቤቱን እንኳ የማሞቀው ከሥራ ቦታ ሆኜ በስልኬ ነው። እሷ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ እንከባከባታለሁ። ታዲያ እናት ከዚህ በላይ እንዴት ትከበር?

ስወጣ እናቴ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። ቡትሴን እያጠለቅሁ አላስችል አለኝና ጠየቅኋት፣ «እማዬ፣ እኔ ቤት ምን ጎደለብሽ?»

«ኧረ ምንም አልጎደለኝም፣ የኔ ልጅ» አለች። «ብቻ እዚህ ጠዋት የቤቱ ሰዎች ሁሉ ሲወጡ እሳቱን ለኔ ትተው ነው የሚሄዱት። ከሥራ ሲመለሱ፣ እማዬ እንዴት አሞቅሽው ይሉኛል። ያንቺ ቤት እኔ ኖርኩም አልኖርኩም ይሞቃል።»

የጃኬቴን ዚፕ እስከ አገጬ ዘጋችልኝና፣ እሳቱን ልታይ ወደ ውስጥ ተመለሰች።