በመዳፌ የቀመስኩት ከርከዴ

የዚያን ዕለት ጠዋት አንድ ጠርሙስ ከርከዴ በጨዋነቴ አበላሸሁ። ሌላው ሰው በብልግናው ያበላሻል፤ እኔ ግን በጨዋነቴ።

ጠርሙሱ የጎረቤቴ ነበር። ማራኪ ሰፈር፣ ታክሲ ማቆሚያው አጠገብ፣ ጃንጥላ ሥር ከርከዴ የምትሸጥ ሴት ናት። መተማ ስትኖር የለመደችውን፣ ከደረቀ አበባ የሚሠራ ቀይ መጠጥ ይዛ መጥታ ተማሪውን ሁሉ ከለስላሳ አፋታችው። አንድ የካፌ ባለቤት በቤቱ እንድትሸጥ ፈለገና «ንጹሕ ለመሆኑ ግን የላቦራቶሪ ወረቀት አምጪ» አላት። ወረቀቱ ከተገኘ ጣሪያ ሥር ትገባለች፤ ካልተገኘ ክረምቱን ከነጃንጥላዋ ዝናብ ላይ ናት። እሷ ሥራዋን ጥላ መሄድ ስላልቻለች እኔ ጡረተኛው የጂኦግራፊ አስተማሪ «አደርሰዋለሁ» አልኩ። ዓለምን በካርታ ሳዞር ኖሬ አንድ ጠርሙስ አስፋልት ማሻገር ያቅተኛል?

ከላቦራቶሪው በተሰጣት፣ በሙቀት በጸዳ ጠርሙስ ቀድታ፣ ከድና፣ በረዶ ባለበት ፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ።

«አያ፣ አደራ፣ እንዳይከፈት።»

አልከፈትኩትም። መንገድ ላይ ማለቴ ነው።

ላቦራቶሪው ስደርስ ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ባለሙያ እጇን ዘረጋች። ይሄኔ አስተዳደጌ መጣብኝ። በአባቴ ቤት መጠጥ የሚያቀርብ ሰው አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም፣ እመነኝ ማለት ነው። ክዳኑን ከፈት፣ መዳፌ ላይ ጠብ፣ ፉት አደረግኩ። የጠርሙሱን አፍ በጋቢዬ ጫፍ ጠርጌ በሁለት እጄ አቀረብኩላት።

ልጅቷ ደርቃ ቀረች።

«አባባ! ምን አደረጉ?»

«ቀመስኩልሽ።»

«ማን ቅመሱ አለዎት?»

«ማንም። አስተዳደግ ነው።»

«አሁን ይኼን ብመረምረው የማገኘው የእጅዎንና የጋቢዎን ጀርም ነው እኮ!»

«ጋቢው ለጥምቀት ታጥቧል» ብዬ ተከራከርኩ። ወሩ ግንቦት ነበር።

ሳቋን ስትጨርስ ሌላ ጠርሙስ አነሳች። «እርስዎማ ሁለተኛ አይላኩም። እኔው ራሴ እቀዳለሁ።»

ወደ ጎረቤቴ ስንሄድ ባጃጅ ውስጥ፣ ጥፋቴን ለማሳነስ፣ «ከርከዴ ኮምጣጣ አይደል? ጀርሙን እሱ ራሱ አይገድለውም?» አልኳት።

«ብዙውን ያዳክማል፤ ሁሉንም ግን አይገድልም። ደግሞ መጠጡ የሚበከለው አብዛኛውን ጊዜ ከፈላ በኋላ ነው። ባልፈላ ውሃ ያቀጥኑታል፣ ባልታጠበ ብርጭቆ ይቀዱታል፣ አለዚያም እንደርስዎ ያለ ጨዋ ይደርስበታል።»

ሁለታችንን አብረን ስታየን የጎረቤቴ ፊት ክው አለ።

«ምነው አያ፣ ተበላሸ እንዴ?»

«ኧረ ደንቡ ነው፤ ሁለቴ ይቀዳል» አልኩ፣ ዓይኔን ሳላሽ። ባለሙያዋ ገልመጥ አድርጋኝ ጠርሙሷን አወጣች።

ያን ሁሉ ጊዜ ስጠጣው የኖርኩትን መጠጥ አሠራር ያየሁት ያን ቀን ነው። የደረቀውን አበባ አሸዋውን ለቅማ ሁለት ጊዜ ታጥበዋለች። ውሃውን አፍልታ ድስቱን ታወርድና አበባውን ጨምራ ትከድነዋለች። «እሳት ላይ ከቆየ ቀለሙም ጣዕሙም ይደክማል» ስትል ባለሙያዋ «ቫይታሚኑም» ብላ አከለችላት። ማቅጠኛው ውሃ እንኳ ፈልቶ የቀዘቀዘ ነው። ጭልፋው ጠረጴዛ አይነካም፤ ይሰቀላል። ስኳሩን ለብቻ ታቀርባለች፤ የፈለገ ይጨምር፣ ያልፈለገ ይተው። እኔ ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንኳ በዚህ ሥርዓት ይዤ አላውቅም።

«ይኼን ማን አስተማረሽ?» አለቻት ባለሙያዋ።

«መተማ እያለሁ ልጄ ታመመችብኝ። ከውሃ ነው አሉኝ። ተመስገን፣ ዳነችልኝ። ከዚያ ወዲህ ያልፈላ ውሃ ለሰው አላጠጣም።»

ባለሙያዋ ቀድታ ስትጨርስ፣ ለራሷም አንድ ብርጭቆ ጠየቀች። ያን ጊዜ ወረቀቱ የተጻፈ መሰለኝ። ከቀናት በኋላም ንጹሕ ነው ተብሎ መጣ።

አሁን ጎረቤቴ ካፌው ውስጥ ናት፤ ዝናቡን በመስኮት ታየዋለች። ስሄድ ግን ሁልጊዜ፣ «አያ፣ ያኔ ምን ጠርጥረውኝ ይሆን ሁለቴ የቀዱት?» ትለኛለች። የሸጋ ሙያዋ ወረቀት በእጇ እያለ፣ ያቺ ጥርጣሬ እስካሁን ትቆረቁራታለች። እኔ ፊቴን ብርጭቆው ውስጥ እቀብራለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ አቁሜ «‹አጥፍቻለሁ› በል!» ስል የኖርኩ ሰውዬ፣ የአንዲት ቃል ዕዳዬን እስካሁን አልከፈልኳትም።