ለሳሙራዩ የጮህኩለት እሑድ

ባለፈው እሑድ ሊንውድ ከተማ፣ ልጄ ቤት ምሳ በልተን ሶፋው ላይ ጋደም እንዳልን፣ ባሏ አንድ የጥንት የጃፓን ፊልም ከፈተ። ጌታም ቤትም የሌለው ሳሙራይ፣ ሰይፉን ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ በአቧራማ መንገድ ብቻውን ይመጣል። ገና ሳየው "ይሄንንማ አውቀዋለሁ" ብዬ ተነሥቼ ቁጭ አልኩ። ልጄ ሳቀች።

መጀመሪያ ያየሁት ሲያትል በመጣሁበት ዓመት፣ ቅጠሉ ሲረግፍ ነው። ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው አካባቢ አንድ የአገር ቤት የሰፈሬ ልጅ ባለችው አንዲት ክፍል አስጠግቶኝ ነበር። ደግ ልጅ ነው፤ ግን ሚስቱ ከአገር ቤት ቅዳሜ ልትገባ ሆነና፣ ዓይኑን እያሸሸ "እስከ ዓርብ ሌላ ቦታ ብትፈልግ" አለኝ። ሌላ የማውቀው ሰው አልነበረም። በዚያ እሑድ ከቼሪ ጎዳና እስከ ጃክሰን ጎዳና ባገኘሁት የአበሻ ሱቅ ሁሉ እየገባሁ የሚከራይ ክፍል ጠየቅሁ። የዚህ አገር ዝናብ ደግሞ እንደ ሐምሌ ዝናብ ዶፉን አውርዶ አያባራም፤ ቀስ እያለ አጥንት ውስጥ ይገባል። ጫማዬ ሲርስ፣ ለመሞቅ ያህል አንድ ትንሽ ሲኒማ ቤት ገባሁ። በቅቤ የራሰው ፈንዲሻ ምሳዬ ሆነ።

ፊልም ማየት የተማርኩት አዲስ አበባ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ አክተሩን መምከር የተመልካቹ ሥራ ነው፤ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው እንደታመመ ይቆጠራል። እናም ሳሙራዩ ሩዙን ሲበላ አንዱ ጎራዴ መዝዞ በስተጀርባው ሲጠጋ፣ የት እንዳለሁ ረስቼ "ከኋላህ! ከኋላህ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። የምገባበት ጠፋኝ። ይሄኔ ከበስተግራዬ አንድ ወፍራም ድምፅ በአማርኛ፣ "አይዞህ፣ አይቶታል" አለ።

በኋላ እንደተዋወቅነው፣ ጋሽ በላቸው ነበሩ፤ የአውቶቡስ ሹፌር። ፊልሙ ሲያልቅ በር ላይ ጠበቁኝ።

"የት ነው ያረፍከው?"

"ሰው ቤት ነኝ ጋሼ፣ እስከ ዓርብ።"

"ከዓርብ በኋላስ?"

ዕንባዬ እንዳይመጣ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁ።

"ሶ፣ ዓርብ ከሥራ ስወጣ መጥቼ ፒክ አደርግሃለሁ። ከቤቴ ሥር ያለው ቤዝመንት ባዶ ነው። ማሞቂያው ሂተር ብቻ ትንሽ ይነጫነጫል።"

ማውንት ቤከር ሰፈር ባለው ቤታቸው እስካገባ ድረስ ኖርኩ። መኪና መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ሽማግሌ አድርጌ የላክሁትም እሳቸውን ነው። ለትንሹም ለትልቁም "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ስል ኖሬአለሁ፤ ለዚያ እሑድ ግን ለይቼ አመስግኜ አላውቅም።

ፊልሙን ለእነ ልጄ ትቼ ኩሽና ገባሁና ደወልኩላቸው። "ጋሼ፣ ያን ቀን እርስዎ ባይሰሙኝ ምን እሆን ነበር?" አልኳቸው።

"አንተ የምታውቀው የራስህን ብቻ ነው" አሉኝ። "ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ፣ እሑድ እሑድ ቤቴ መግባት ያስፈራኝ ነበር። ሲኒማ ቤት ገብቼ፣ ፊልሙ ሲያልቅ ያንኑ መልሼ አያለሁ፤ እስኪዘጉ እዚያው እውላለሁ። ያን ቀን ስትጮህ፣ ቤት ይዤው የምገባ ሰው ተገኘ አልኩ።"

ሚስታቸው መሞታቸውን አውቅ ነበር። የተጠለልኩት ግን እኔ ብቻ መስሎኝ ይኸው አረጀሁ። ስልኩን ዘግቼ ኩሽናው ውስጥ እንደቆምኩ ተመስገን አልኩ፤ ለእኔም፣ ለእሳቸውም።